ዘር፣ ቀለብ፣ እቁብ፦ የተማሪ በጀት ከወላጆቻችን ታሪክ ምን ይማራል?

ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሌጅ የገባ ሰው ሁሉ ይህን ምክር ሰምቶታል፦ ገቢህን ጻፍ፣ ወጪህን ጻፍ፣ በየወሩ ትንሽ አስቀምጥ፣ ሚኑስ ውስጥ አትግባ። ምክሩ ትክክል ነው፣ ከምክሩ ጋር ጠብ የለኝም። ግን ለእኛ ማኅበረሰብ ልጆች ሲነገር አብሮት የሚመጣ ሌላ ሐሳብ አለ። ወላጆቻችን ከገንዘብ ጋር የተዋወቁት እዚህ አገር ሲደርሱ ነው፤ ስለዚህ እናንተ ቁጠባን ከቤት ሳይሆን ከወርክሾፕ ነው የምትማሩት የሚል ሐሳብ። አንዳንዴ በግልጽ ይነገራል፣ ብዙ ጊዜ ግን በዝምታ ነው የሚታለፈው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ እኛም ራሳችን ማመናችን ነው።

እኔ የማጠናው ታሪክ ነው እንጂ ኢኮኖሚክስ አይደለም። ስለዚህ እዚህ ስለ አክሲዮን ወይም ስለ ወለድ ምጣኔ ልመክራችሁ አልተነሳሁም። መናገር የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በማኅበረሰባችን ውስጥ የቁጠባ ታሪክ አለ፤ ታሪኩ ረጅም ነው፣ ብዙ ኪሳራም አለበት፣ ከኪሳራው የተገኘ ጥበብም አለበት። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ተማሪ በጀቱን ከባዶ ወረቀት አይጀምርም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ እዚህ የለመድነው እሱን ስለሆነ።)

ዘር አይበላም

የቤተ እስራኤል ሕዝብ አብዛኛው የኖረው በጎንደር ዙሪያ፣ በደምቢያ፣ በወገራ፣ በሰሜንና በትግራይ በተበተኑ መንደሮች ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ሃይማኖቱን ያልለወጠ ርስት እንዳይወርስ እንደተደረገ ታሪኩ ይነግረናል። ከዚያ በኋላ ብዙው ሰው ያረሰው የሌላ ሰው መሬት ነው። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ሥራ ይኖራል፤ አባቶች ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸመኑ፣ ጎንደር ዋና ከተማ በሆነችበት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ግንበኞች ሆነው ሠሩ። እናቶች ሸክላ ሠሩ።

ይህ ሁሉ ሥራ ብዙ ጊዜ በገንዘብ አይከፈልም ነበር። ማርትሬዛ ብር በአገሩ ይዘዋወር ነበር፣ አሞሌ ጨውም እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። የመንደር ሰው የዕለት ተዕለት ሒሳብ ግን እህል ነበር። ገበሬው ማረሻውን ያስሠራና በአዝመራ ጊዜ በእህል ይከፍላል። ሸክላ የምትሠራ እናትም ማሰሮዋን በእህል ትለውጣለች። ገንዘብ በእጃቸው ብዙ አልነበረም ማለት ግን ሒሳብ አያውቁም ማለት አይደለም።

የእህል ቤተሰብ እንዴት ነው በጀት የሚያወጣው? ሽማግሌዎችን ጠይቁ፣ መልሱ ተመሳሳይ ነው። አዝመራው ሲገባ መጀመሪያ የባለመሬቱ ድርሻ ይወጣል፤ እንደ ውሉ ሲሶ ወይም እኩሌታ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ለሚመጣው ዓመት የሚዘራው ዘር ይለያል። ከዚያ እስከሚቀጥለው አዝመራ የሚበላው ቀለብ ይሰፈራል። ከዚያ ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለሐዘንና ለተዝካር የሚሆን ይቀመጣል። ትርፍ ከተገኘ ገበያ ይወጣል፣ ወይም ፍየልና በግ ይገዛበታል፣ ሲደላ ደግሞ ላም።

በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ትልቁ ነገር የዘሩ ቦታ ነው። ዘር ከቀለብ በፊት ነው የሚለየው። ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲጎድልና ልጆች ሲርባቸው እንኳ ዘሩ አይነካም፤ ዘሩን የበላ ቤተሰብ የሚቀጥለውን ዓመት ነው የበላው። ዛሬ በወርክሾፕ «መጀመሪያ ለራስህ ክፈል» እየተባለ እንደ አዲስ ግኝት የሚነገረው ነገር ይሄው ነው። አያቶቻችን ከሚተርፋቸው አልቆጠቡም፤ የሚተርፍ አልነበረምና። የቆጠቡት ከመብላታቸው በፊት ነው።

ቁጠባው የጠፋባቸው ጊዜያት

ታሪኩን አሳምሬ ብቻ ብነግራችሁ ልክ አይሆንም። ይህ የቁጠባ ዘዴ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከሥሩ ተመቷል።

የመጀመሪያው ከ1888 እስከ 1892 የደረሰው፣ ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ የሚጠራው ረሃብ ነው። በምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ የአገሪቱን አብዛኛውን ከብት ጨረሰ። ድርቅና አንበጣ ተከተሉ። በዚያው በ1888 የማህዲ ተከታዮች፣ በእኛ አነጋገር ደርቡሾች፣ ጎንደር ገብተው አቃጠሉ። ሀብቱን በከብት ያስቀመጠ ሰው በወራት ውስጥ ባዶ እጁን ቀረ። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፣ እርሻ ከሌለ ዘሩም ይበላል። የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ በእነዚያ ዓመታት ብዙ ሰው አጣ፤ መንደሮችም ተፈቱ።

ሁለተኛው ለእኛ በጣም ቅርብ ነው። በ1975 ደርግ የገጠር መሬትን ሲያውጅ፣ ለመቶዎች ዓመታት የሰው መሬት ሲያርሱ የኖሩ ቤተሰቦች የሚያርሱት መሬት ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው ደረሳቸው። ብዙዎቹ ግን አሥር ዓመት እንኳ ሳያርሱት ወደ ሱዳን መንገድ ወጡ። ጉዞው ምስጢር ስለነበረ ንብረት በግልጽ አይሸጥም፤ ጎረቤት «ለምን ትሸጣለህ?» ይላል። ስለዚህ ላሙ በርካሽ ሄደ፣ ቤቱ እንዳለ ተዘጋ፣ እህሉ በጎተራው ቀረ። የተገኘችው ጥቂት ብር በልብስ ውስጥ ተሰፋች። ከእሷ ውስጥ መንገድ መሪ ተከፈለ፣ ሽፍታ ዘረፈ፣ የቀረው በካምፕ ለውሃና ለመድኃኒት ወጣ። በመንገድና በሱዳን ካምፖች ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የገንዘቡ ኪሳራ ምንም አይደለም። ቢሆንም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ወላጆቻችን እስራኤል ሲደርሱ ባዶ እጃቸውን የነበሩት ቁጠባ የማያውቁ ስለነበሩ አይደለም። የብዙ ዓመት ቁጠባቸውን መንገዱ ስለበላው ነው።

ሦስት ዜሮ የጠፋበት ዓመት

«ዘመቻ ሙሴ» ከኅዳር 21 ቀን 1984 እስከ ጥር 5 ቀን 1985 ወደ 8,000 ሰዎችን አመጣ። እስቲ በዚያ ሰሞን እስራኤል ውስጥ ገንዘብ ምን ይመስል እንደነበር እንመልከት።

በ1984 በአገሪቱ የዋጋ ንረቱ ወደ 445 በመቶ ደርሶ ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ 100 ሼቄል የነበረ ዕቃ በዓመቱ መጨረሻ ከ500 ሼቄል በላይ ሆነ ማለት ነው። እዚሁ ተወልደው ያደጉ ሰዎች የቤት ዋጋን በዶላር ነበር የሚነጋገሩት፤ በራሳቸው ገንዘብ ማሰብ አቅቷቸው ነበር። ሼቄሉ ራሱ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ በ1980 ነው ሊራን የተካው። በሐምሌ 1985 መንግሥት የኢኮኖሚ ማረጋጊያ ዕቅድ አወጣ፣ በመስከረም 1985 ደግሞ አዲሱ ሼቄል መጣ፤ 1,000 አሮጌ ሼቄል 1 አዲስ ሼቄል ሆነ።

ከአንድ የሰሜን መንደር ተነስታ፣ በሱዳን በኩል አልፋ፣ በታኅሣሥ 1984 መርካዝ ክሊታ የገባችን አንዲት እናት አስቡ። አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ ፊደል፣ አዲስ ገንዘብ ትማራለች። በዘጠኝ ወሯ ደግሞ ገንዘቡ እንደገና ይለወጥና ሦስት ዜሮ ይወድቅለታል። ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ «እነዚህ ሰዎች የገንዘብን ዋጋ አያውቁም» ይላል። በዚያ ዓመት ማን ነበር የሚያውቀው?

ሌላም ነገር አለ፣ ለእኛ ትውልድ ከዚህ የበለጠ የሚነካን። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከመጡት ወጣቶች አብዛኛዎቹ በ«አሊያት ሃኖዓር» በኩል ፕኒሚያ ገቡ። እዚያ በሉ፣ እዚያ ተኙ፣ ልብሳቸውም ከዚያ መጣ፤ ከዚያ ቀጥታ ወታደር ቤት። ማለትም አንድ ሙሉ ትውልድ እናቱ ወሩን እንዴት እንደምታደርስ አጠገቧ ሆኖ አላየም። ጎተራው ድሮ ከዓይን ፊት ነበር፤ ልጅ ሲጎድል ያያል፣ ለምን ዘሩ እንደማይነካም ይጠይቃል። በፕኒሚያ ምግብ ቤት ግን የሚታይ ጎተራ የለም። ስለ ፕኒሚያ ብዙ ተጽፏል፤ በትምህርቱ የተጠቀሙም የተጎዱም አሉ። ከቤት የሚወረስ የገንዘብ እውቀት መቋረጡን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም።

በግንቦት 1991 «ዘመቻ ሰለሞን» 14,325 ሰዎችን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ሲያመጣ፣ ብዙዎቹ መጀመሪያ ሆቴል፣ ቀጥሎ እንደ ናሃል በቃ፣ ሃጽሮት ያሳፍና ጊቭዓት ሃማቶስ ባሉ የካራቫን ሰፈሮች ገቡ። ከ1993 ጀምሮ ሰዎች ከካራቫን እንዲወጡ መንግሥት ልዩ ማሽካንታ ሰጠ። ወላጆቻችን ቤት ገዙ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የቤተሰቡ ሀብት በሙሉ ግን በአንድ አፓርታማ ውስጥ ገባ፣ ያውም ብዙ ጊዜ ዋጋው ዝቅ ባለ ሰፈር። በእጅ ያለ፣ ለክፉ ቀን የሚመዘዝ ገንዘብ አልነበረም። እዚህ ላይ ነው እናቶች አንድ የቆየ ነገር ያነሱት።

እቁብ

እቁብ ምን እንደሆነ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ቢያንስ እናታችሁ ስልክ ላይ «ዛሬ እቁቡ ለማን ወጣ?» ስትል ሰምታችኋል። የተወሰኑ ሰዎች በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ገንዘብ ይጥላሉ፤ የተጠራቀመው በእጣ ወይም በስምምነት ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ሁሉም ተራው እስኪደርሰው ይቀጥላል። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘቡን የወሰደ ሰው ደግሞ ዋስ ይጠራል። የቸገረው ሰው ተራ ለምኖ ሊቀድም ይችላል፤ ያረፈደ ይቀጣል።

በኢትዮጵያ እቁብ ከገጠር ይልቅ የከተማና የገበያ ነገር ነበር፤ ምክንያቱም በየጊዜው ጥሬ ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ይፈልጋል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ገና በ1958 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ስለ እቁብና እድር አብሮ ከጻፈው ሰው ጋር ጥናት አውጥቷል። ስለዚህ በመንደር የኖሩ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን እቁብን በደንብ የተለማመዱት እዚህ ነው ብንል የሚያስገርም አይደለም። እዚህ አገር ወርኀዊ ገቢ መጣ፤ ደመወዝ፣ የቢቱዋህ ሌኡሚ አበል፣ የልጆች አበል። ወር በገባ ቁጥር ጥሬ ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ሲበዛ፣ እቁብ የሚቆምበት መሬት አገኘ ማለት ነው። ሐጋር ሳላሞን፣ ስቲቨን ካፕላንና ሃርቪ ጎልድበርግ በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ ያጠኑት በእስራኤል ያሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የሚጥሉትን እቁብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የምሁራን ክርክር ልጥቀስ። አንትሮፖሎጂስቱ ክሊፎርድ ጊርትዝ በ1962 በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ፣ እንደ እቁብ ያሉ ማኅበራት ገበሬ ወደ ንግድ ዓለም ሲሸጋገር የሚረግጣቸው «መካከለኛ ደረጃዎች» ናቸው አለ፤ ባንክ ሲስፋፋ እነሱ ይጠፋሉ ብሎ ጠበቀ። በእኛ ዘንድ የሆነው ግን ሌላ ነው። እናቶቻችን ባንክ አላቸው፣ ካርድ አላቸው፣ ማሽካንታ ይከፍላሉ፣ እቁብም ይጥላሉ። ባንኩ ያልሰጣቸው አንድ ነገር ስላለ ነው።

ምንድን ነው እሱ? የእኔ መልስ ይህ ነው። ባንክ ያለ ገንዘብ ያንተ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ልትነካው ትችላለህ። እቁብ ውስጥ ያለ ገንዘብ ግን ሌላ ሰው የሚጠብቀው ነው። የምታውቃት ሴት ለልጇ ሠርግ አስባበታለች። ወር ሲገባ 500 ሼቄል ካልጣልክ አንድ ቁጥር ከስክሪን ላይ አይቀንስም፣ አንድ ሰው ፊት ላይ ነው የምታፍረው። ቁጠባው ቀን አለው፣ ምክንያት አለው፣ ምስክር አለው። እነዚህ ሦስቱ ሲኖሩ ድሃም ይቆጥባል፤ ሦስቱ ሲጠፉ ደግሞ ጥሩ ደመወዝ ያለውም ሚኑስ ውስጥ ይኖራል።

በእኛ ቤት ይህ ንድፈ ሐሳብ አልነበረም። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስጀምር የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ ግማሹን ያወጣው የእናቴ እቁብ ነው። እናቴ ዳኛዋን አስቀድማ ለምና ተራዋን ጥቅምት ላይ አስደረገች። ለእኔ የነገረችኝ ሲወጣላት ነው። እሷ ግን ከዓመት በፊት ነበር ያቀደችው።

ስሌቱ ምን ይላል?

ስሜት ብቻ እንዳይሆን ሒሳቡን እንሥራ። አሥር ተማሪዎች በየወሩ 300 ሼቄል ይጣሉ ብለን እናስብ። በየወሩ 3,000 ሼቄል ይወጣል፤ በአሥር ወር ዙሩ ያልቃል። በመጀመሪያው ወር የሚወጣለት ሰው የራሱን 300 ጥሎ 3,000 ይወስዳል፤ 2,700ው የጓደኞቹ ነው፣ እሱንም በዘጠኝ ወር ይመልሳል። ይህን 2,700 ሼቄል በዓመት 10 በመቶ ወለድ ተበድሮ በዘጠኝ ወር ቢመልስ ከ110 ሼቄል በላይ ወለድ ይከፍል ነበር። መጨረሻ ላይ የሚወጣለት ሰው ደግሞ ያንኑ ገንዘብ በየወሩ፣ በዓመት 3 በመቶ በሚከፍል ቁጠባ ቢያስቀምጥ የሚያገኘው ወለድ ወደ 34 ሼቄል ነው። ተመልከቱ፦ የመጨረሻው 34 ሼቄል ሲያጣ የመጀመሪያው ከ110 በላይ ይተርፈዋል። ሁለቱ ባንክ ቢሄዱ ኖሮ ልዩነቱ ለባንኩ ነበር። የእቁብ ትርፍ ይህ ነው፤ በወለድ አይታይም፣ ግን አለ።

ድክመቱንም እንይ። አንደኛ፣ የዋጋ ንረት የእቁብ ጠላት ነው። በ1984 በእስራኤል አሥራ ሁለት ሰው የዓመት እቁብ ጥሎ ቢሆን ኖሮ፣ መጨረሻ የወጣለት ሰው የተቀበለው ገንዘብ መጀመሪያ የወጣለት ሰው ከገዛበት ከሩብ ያነሰ ነበር የሚገዛለት። የ2022ው 5.3 በመቶ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ ቢሆንም ለአጭር ዙር እንጂ ለሦስት ዓመት እቁብ አይመከርም። ሁለተኛ፣ እቁብ በወረቀት አይታይም። በ2016 የወጣው የብድር መረጃ ሕግ ከ2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ በባንክና በካርድ ያለብህን ብድርና አከፋፈልህን የሚመዘግብ ሥርዓት ነው። ለሃያ ዓመት አንድም ቀን ሳታረፍድ እቁብ የጣለች እናት በዚህ መዝገብ ውስጥ ስለ እሱ አንድ መስመር የላትም። ታማኝነቷን ማኅበረሰቡ ያውቃል፣ ባንኩ ግን አያውቅም። ሦስተኛ፣ እቁብ እንደ ሰዎቹ ነው። ቀድሞ ወስዶ የሚጠፋ ሰው ካለ የሚያስመልሰው ዋስና እፍረት ነው። የማታውቁት ሰው በስልክ የሚያደራጀው፣ «ሰው ካመጣህ ትርፍ አለህ» የሚል ነገር እቁብ አይደለም፤ እቁብ ትርፍ አይሰጥም፣ ተራ ነው የሚሰጠው።

የተማሪ ዓመት የገበሬ ዓመት ነው

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። የተማሪ ገንዘብ እንደ ደሞዝተኛ ገንዘብ አይደለም፤ በየወሩ እኩል አይመጣም። ከወታደር ቤት የወጣችሁ የፒካዶን ገንዘብ አላችሁ፤ በአንዴ ነው የሚገኘው። ሚልጋ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይገባል። በበጋው ዕረፍት ሙሉ ቀን ትሠራላችሁ። ከዚያ በፈተና ወራት፣ በጥርና በየካቲት፣ ሥራ ትቀንሳላችሁና ገቢው ይደርቃል፤ የቤት ኪራዩ ግን አይቀንስም። ይህ ከማንም በላይ የሚመስለው ገበሬን ነው። ልዩነቱ የአያቶቻችን የችግር ወራት ክረምቱ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ መሆናቸው ነው። እዚህ እነዚያ ወራት የእኛ አዝመራ ናቸው፤ ጎተራው የሚጎድለው በፈተና ሰሞን ነው።

ስለዚህ የገበሬውን ቅደም ተከተል ብትወስዱት በትክክል ይሠራል። የባለመሬቱ ድርሻ የቤት ኪራይና አርኖና ነው፤ እሱ አይለመንም። ዘሩ የትምህርት ክፍያው ነው። በመንግሥት በሚደገፍ ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ በዓመት ከ10,000 ሼቄል በላይ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ክፍያ በዚህ ዓመት አዝመራ ላይ ነው መለየት ያለበት፣ ፒካዶኑም ከዚህ ክፍል ነው። ቀለቡ ምግብና መጓጓዣ ነው፤ በአዝመራው ወቅት በወራት ቁጥር ተከፍሎ መሰፈር አለበት፣ እንደ ጎታው። አራተኛው የማኅበረሰቡ ድርሻ ነው።

ስለ አራተኛው ትንሽ ልናገር፤ ከወርክሾፑ ወረቀት ላይ የሚጎድለው እሱ ነውና። የለቅሶ መዋጮ አለ፣ የአጎት ልጅ ሠርግ አለ፣ ጎንደር ላለ ዘመድ የሚላክ አለ፣ የወላጅ የኤሌክትሪክ ሒሳብ አለ። የበጀት ወረቀት ይህን «ያልታሰበ ወጪ» ይለዋል። እውነቱን እንነጋገር፤ እንዴት ያልታሰበ ይሆናል? በየዓመቱ ይመጣል። አያቶቻችን አስቀድመው መድበውለታል፣ እድርም የተመሠረተው ለዚህ ነው። እናንተም ልኩን ወስናችሁ አስቀድማችሁ መድቡለት። ልክ ሲኖረው ሁለት ነገር ይሆናል፦ ስትሰጡ ሳትማረሩ ትሰጣላችሁ፤ ልኩ ሲያልቅም «ዘሬን አልበላም» ማለት ትችላላችሁ። ይህን ቋንቋ እናታችሁ ከ«በጀቴ አይፈቅድም» በተሻለ ትረዳዋለች። የባንክ ዋስ ሁኑ ስትባሉም ያው ነው። የእቁብ ዋስ ስንት እንደሚከፍል ያውቃል፤ እናንተም ሙሉውን ብትከፍሉ የማይጥላችሁን ብቻ ፈርሙ።

ስለ ታሽሉሚምም አንድ ቃል። ስልክ በ36 ታሽሉሚም የገዛ ሰው እቁብ ገብቷል፣ የመጀመሪያውም እጣ ወጥቶለታል፤ የቀሩትን 35 ዙሮች ግን ብቻውን ነው የሚጥለው። ጓደኛ የለበት፣ ተራ የሚለዋወጥበት የለ። እዚህ አገር ታሽሉሚም ቀላል የሚመስለው እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ስለሆነ ነው። ሁሉንም በአንድ ገጽ ጻፉና ደምሩ፤ ጥር ላይ ከምታገኙት በላይ ከሆነ ጎተራው አስቀድሞ ተበልቷል።

ይህን ሁሉ ስል ችግሩ የተማሪው ጠባይ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። የትምህርት ክፍያ ራሱ ታሪክ አለው። በ2001 የቪኖግራድ ኮሚቴ ክፍያው በግማሽ እንዲቀንስ መከረ፤ ቅነሳው ተጀመረና መንገድ ላይ ቆመ። በ2007 ተማሪዎች 41 ቀን አድማ መቱ። በ1974 በዋይዝማን ተቋም የተጀመረው «ፔራህ» ለሚልጋ ሲል ልጅ የሚያስጠና ተማሪን ከሚፈልግ ልጅ ጋር ያገናኛል፤ ብዙዎቻችን በልጅነታችን ተጠቅመንበታል፣ ብዙዎቻችን ደግሞ አሁን እኛ እናስጠናበታለን። የዲግሪ ዋጋ ከሰማይ አይወርድም፣ ሰዎች ይወስኑታል። ሚልጋችሁንና መብታችሁን ማወቅ የበጀት አንድ ክፍል ነው፤ ቤት ውስጥ ከመቆጠብ ባልተናነሰ።

ደብተሮቹ

አባባሉ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል። ብዙ ጊዜ ለበዓል ንግግር እንጠቅሰዋለን። እኔ የሒሳብ አባባል ነው ባይ ነኝ። አሥር ጓደኛሞች ሆናችሁ ከጥቅምት እስከ ሐምሌ ትንሽ እቁብ ብትጀምሩ፣ ተራውንም ክፍያው መቼ እንደሚደርስበት አይታችሁ ብታወጡ፣ ምንም አዲስ ነገር አልፈጠራችሁም። ከዙሩ ጎን ለጎን ባንክ ውስጥም የራሳችሁን ይዛችሁ፣ ለመዝገቡም ለማኅበረሰቡም የምትታዩ ትሆናላችሁ።

አንድ ልመና አለኝ፤ ይህኛው ከታሪክ ተማሪ ነው። በብዙ ቤት፣ በመሳቢያ ውስጥ ወይም በልብስ ሳጥን ግርጌ፣ የእቁብና የእድር ደብተሮች አሉ። ስሞች፣ ቀኖች፣ የተጣለው፣ የወጣው፣ የተቀጣው። አንዳንዱ በአማርኛ፣ አንዳንዱ በትግርኛ፣ አንዳንዱ በዕብራይስጥ ፊደል የተለጠፈ ስም ያለበት። እናቶቻችን የአንድን አዲስ አገር ገንዘብ እንዴት እንደተቆጣጠሩት ከማንኛውም ሪፖርት የበለጠ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ቤት ሲጸዳ አትጣሏቸው። ጠይቁ፦ ዳኛዋ ማን ነበረች? በመጀመሪያው ዙር ስንት ሰው ነበር? መጀመሪያ የወጣልሽን ምን ገዛሽበት? መልሱን ጻፉት። ፎቶ አንሱት፣ የሌሎችን ስም ግን ሳታስፈቅዱ አታሳዩ። ከዚያ በዚያው ቀን የራሳችሁን ደብተር ክፈቱና በመጀመሪያው መስመር ላይ ዘሩን ጻፉ።